ተቀማጭ

ሊየፓያ ከተማ ነፋስ እንግዳ አይደለም፣
ከባልቲክ ተነሥቶ ሳያንኳኳ ቢገባ የሚቆጣው የለም።
የዚያ ሰኞ ነፋስ ግን በረዶ ብቻ አልነበረም ይዞ የመጣው፤
አንድ ወሬ ነበረው፣ ማን እንደጣለው ሳይታወቅ ሁሉም ያነሣው።

ነገሩ እንዲህ ነው።
ገበያው ዳር ያለው የገንዘብ ማሽን ወረቀት ጨረሰ፣
የደረሰኝ ወረቀት ብቻ፤ "ይቅርታ" ብሎ የጉንቲስን ካርድ መለሰ።
ጉንቲስ ለሚስቱ ነገረ፣ ሚስቱ ለጸጉር ሠሪዋ፣
ጸጉር ሠሪዋ ለመስታወቷ።
ረፋዱ ላይ ባለባንኩ በመርከብ ኮበለለ ተባለ፤
ምሳ ሳይደርስ አንዱ መርከቧን በዓይኔ በብረቱ አየሁ ብሎ ማለ።

እኔ ቬልታ እባላለሁ፣ ሦስተኛው መስኮት ላይ ነኝ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ገንዘብ ቆጥሬ አንድ ሳንቲም ያልጎደለብኝ።
ሰልፉ ከበራችን ተነሥቶ ዳቦ ቤቱን ዞረ፣
እስከ ትራሙ ሐዲድ በረዶ ላይ ተገተረ።
ተቀማጭ ይባላል፣ ሰው እኛ ዘንድ የሚያኖረው፤
ያን ቀን ግን ተቀማጩ ሁሉ ቆሞ ነው የዋለው።
ተንቀሳቃሹ ሒሳብ ቆመ፣ የጊዜ ገደቡ ገደብ አጣ፣
"ወለዱ ይቅርብን፣ ጥሬውን!" ይላል የመጣው ሁሉ ሲመጣ።

ሥራ አስኪያጁ አይቫርስ ደረጃው ላይ ወጥቶ፣
ክራቫቱን አጥብቆ፣ ድምፁን አለስልሶ ገርቶ፣
"ካዝናችን ሙሉ ነው፣ እባካችሁ ተረጋጉ" አለ።
"ተረጋጉ" የሚለው ቃል ራሱ ደወል ነው፤
"እሳት የለም!" ብለው ቢጮኹ ማን ነው ጭስ የማይሸተው?

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ካዝናው ሙሉ አልነበረም።
ሞልቶም አያውቅ፤ የትም አገር ሞልቶ አያድርም።
የጉንቲስ ቁጠባ የዚንታ ጣሪያ ሆኗል፣
የዚንታ ጥሪት የዓሣ ጀልባ ገዝቷል፣
ጀልባዋ ደግሞ ይኸው አሁን ባሕር ላይ ናት፤
መረቧን ዘርግታ ሳለ ማን "ነይና ተመንዘሪ" ይበላት?
አደራ ይኸው ነው፤ ሁሉም ባንዴ ካልጠራው ሁሉም አለው፣
ሁሉም ባንድ ቀን ሲጠራው ግን አቤት የሚል የለው።

ወሬው ውሸት እንደሆነ ከማንም በላይ አውቅ ነበር።
ሰልፉ ግን ውሸት አልነበረም፤ እዚያው ቆሞ ነበር።
ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ጓዳ ገባሁ፣
በራሴ ፊርማ፣ በራሴ ማኅተም፣ የራሴን ስድስት መቶ ላት አወጣሁ፣
ከቦት ጫማዬ ውስጥ፣ ከሱፍ ካልሲዬ ሥር ሸጎጥኩ፣
ተመልሼ መስኮቴ ላይ "አይዟችሁ፣ ተረጋጉ" አልኩ።
እግሬን ባነሣሁ ቁጥር ወረቀቱ ኮሽ ይላል፤
ማንም አይሰማው፣ እኔን ግን እንደ ምስክር ይጠቁመኛል።

አመሻሽ ላይ ቫልፍሪድስ ደረሰ፣ ዓሣ አጫሹ ሽማግሌ፣
ሦስት ሰዓት ተሰልፎ፣ ጢሙ ላይ በረዶ ተጋግሮ።
"ስንት ላውጣልዎ?" ብለው፣ "ላስገባ ነው እንጂ" አለ፤
"ሰኞ አይደል? ሰኞ ሰኞ አስገባ የለ?"
"ወሬውን አልሰሙም?"
"ሰማሁ። የልጄ ባል ግን ከናንተ ይብሳል።"
ቆጠርኩት፤ አርባ ሁለት ላት። ደረሰኝ ሰጠሁት።
ከኋላው ለቆመችው ሴት፣ የእጁ ሙቀት ሳይበርድ፣ ያንኑ ቆጥሬ ከፈልኩት።
አሸተተችው። "ዓሣ ዓሣ ይላል" አለች፤
ግን አጥፋ፣ ጉያዋ ከትታ ወጣች።

በሦስተኛው ቀን ነፋሱ ወደ ሌላ ዞረ፤
ከሪጋ ገንዘብ በጆንያ መጣ፣ የማሽኑም ወረቀት ተቀየረ።
ሰው መሬት መሬት እያየ ያወጣውን መለሰ፣
"እኔማ ለገና ስጦታ ነበር" እያለ፣ ሳይጠየቅ እየመለሰ።
ጋዜጣው "ሥርዓቱ ተረጋግቷል" ብሎ ጻፈ።

የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ።
ስድስት መቶው ላብ ጠጥቷል፣ በተረከዜ ቅርጽ ታጥፏል።
አይቫርስ ተቀብሎ ቆጠረ፤ ምንም አላለኝ፤
ክራቫቱን ላላ አድርጎ፣ ከኮቱ የውስጥ ኪስ ወፍራም ፖስታ አውጥቶ፣
"በይ አንቺ ደግሞ ቁጠሪልኝ" አለኝ።