ወልደሮ

ሳስካቱን፥ ምድር ቤት፥ ጥር ሲነክስ መስታወቱን፥
ከፍቼ የኮቫልቹክን መልመጃ፥ የሳምንቱን፥
ማክሮ ፈቺ ልሠራ ተቀመጥኩ ከማታ፥
አጭሩን ነቅሎ ረጅሙን የሚተክል በዝምታ።

መሞከሪያዬ የእድራችን የስም መዝገብ ነበር፥
ጋሽ ይርዳው ስሙን ሁሉ የቆራረጡበት በእዝባር።
«ገ/» ስታይ «ገብረ» በል፤ «ወ/» ካገኘህ «ወልደ»።
ታዘዘኝ፤ እንደ ጎርፍ ከላይ ወደ ታች ወረደ።
ወልደ ሰንበት ደኅና፥ ገብረ ጻድቅም ደኅና፤
ወይዘሮ አልጋነሽ ግን «ወልደሮ» ሆነው ቀሩና፥
ብቻዬን ሳቅሁ፤ ፎቅ ያለው ሰው ወለሉን ደበደበ።
«ረጅሙ ይቅደም» ብዬ ጻፍኩ፤ ሕጉ እንደገና ተነበበ።

«ቤት»ን «የቤት ቤት» ብዬ ብፈታው፥ ቤት ቤት ሲወልድ ቆየ፤
ማራገቢያው ጮኸ፥ ስክሪኑ ቤት ብቻ አሳየ።
ልጓም አበጀሁለት።

አንድ ስም ቀረኝ፥ ተራ ቁጥር ሠላሳ ስምንት፥
«ተ/ሚካኤል»፥ መስከረም ላይ ያለ ዘመድ የተቀበሩት።
ተስፋ ነው ተክለ? ጋሽ ይርዳው እንኳ አያውቁም፤
ሁለት ሕግ ጻፍኩ፥ ሁለቱንም ሰረዝኩ፤ በግምት አልሰይምም።
ከመልመጃው ግርጌ አንድ መስመር አለ፥ በደቃቅ ፊደል፦
«የማይታወቅ ስም ሲገጥም እንዳለ ይለፍ» የሚል።

አቶ ተ/ሚካኤል፥
እንዳሉ፥
አለፉ።