የዓርብ ደብተር

ፈርዋኒያ። ዓርብ። ከሌሊቱ አሥራ አንድ።
ኤሲው ያረጀ ነው፤ ይስላል፣ ውሃ ይተፋል አንድ ባንድ።
ሙሄ ከፈረቃ ገብቶ ከነጫማው ተኝቷል፤
ግራ እጁ ከላይኛው አልጋ ፊቴ ድረስ ተንጠልጥሏል።
ቀስ ብዬ በሥሩ አልፋለሁ፣
ሰማያዊውን ደብተሬን ከትራሴ ሥር አወጣለሁ።

ጽሕፈቱ የኔ ነው። ትእዛዙ ግን የሌላ ሰው፣
በስልክ የማየው ጎረምሳ፣ ሸሚዝ ደረቱን የጠበበው፣
«በዘጠና ቀን ሌላ ሰው ትሆናለህ!» ብሎ የሚምለው።
መቶ አሥር ቀን ሆነኝ። ሌላውን ሰው ገና አላገኘሁትም፤
መንገድ ላይ ይሆናል። ምናልባት ቪዛው አልወጣለትም።

ስኳር፣ አንድ ማንኪያ። ስድብ መተው፣ በልብም ቢሆን።
አምስት ዲናር ለብቻ፣ የመጣው ቢመጣ የማይነካ።
ዐሥር የዓረብኛ ቃል በሳምንት። ሠላሳ ጊዜ ከወገብ ቀና።
ከታች፣ በቀይ እስክርቢቶ፦ ከቀትር በፊት የለም ዜና።

ከኅዳጉ አንድ ዓምድ አለ፣ ስም ያላወጣሁለት።
አንዱዓለም ሲደውል ራይት፤ ሳይደውል ባዶ ቤት።
ወንድሜ የመገናኛ ወታደር ነው። ሬዲዮ አዝሎ በጀርባው
የሰውን ድምፅ ለሰው ሲያቀብል የራሱ ድምፅ ጠፋው።
አራት ዓርብ። አራት ባዶ ቤት።

ጉዑሽ መጣ፣ ፎጣው አንገቱ ላይ፣ ጺሙ ገና እንዳልደረቀ።
አይጠይቀኝም። ተንበርክኮ እግሬን ከወለሉ አጣበቀ።
እግር የሚይዝ ሰው ከሌለ ወገብ ብቻውን አይነሣም፤
ይህ ግን ከጎረምሳው ምክር ውስጥ፣ ከዝርዝሬም ውስጥ የለም።

የሱም ታናሽ እዚያው ነው።
የኔ ታናሽ ከወንዙ ወዲህ፣ የሱ ታናሽ ከወንዙ ማዶ፤
መሐል ላይ የኔ እግር አለ፣ ከሱ ጣቶች ጋር ተገምዶ።

ይቆጥርልኛል። እስከ ሃያ በአማርኛ፣
ከዚያ ሐሳብ ሲወስደው ወደ ትግርኛው ይሻገራል፤
ሠላሳ ላይ ግን እንገናኛለን፦
ሠላሳ በሁለቱም ሠላሳ ይባላል።
አበቃ፣ ልቀቀኝ ብዬ አየሁት። አልለቀቀኝም።
አንድ ጊዜ ደግሜ ተነሣሁ።
ግንባሬ ከግንባሩ ስንዝር ሲቀረው ቆምኩ፤
ግንባር ለግንባር፣ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ዳቦ ልገዛ ወደ በቃላው ወረድኩ፤
ከቲማቲም ጣሳው በላይ፣ በቴሌቪዥኑ፣ መርከቦች ቆጠርኩ፦
የጦር መርከብ፣ ባሕረ ሰላጤው ላይ፣ ግራጫ፣ አምስት ወይ ስድስት።
ከሥራቸው በሚሮጠው ጽሑፍ የኛ አገር፣ አንዲት መስመር፣
እንደ ሐራጅ ማስታወቂያ ሮጣ አለፈች።
አንባቢዋ ደጋግማ አንድ ቃል አለች፦ ሁድና።
ግብጻዊውን ፀጉር አስተካካይ ጠየቅኩት። መቀሱን አንሥቶ አሰበና፣
«ጦርነት ሲደክመው» አለኝ «ቁጭ የሚልባት ዱካ ናት።
ሦስት እግር አላት፤ አንዱን የሚነቅል ግን አይጠፋት።»
ዐሥረኛ ቃል አድርጌ ጻፍኳት፣ በዳቦው ወረቀት።

ማታ። ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን፣ ማዳመጫው ጆሯችን ውስጥ።
በኔ ስልክ ኮረብታው ተይዟል።
በሱ ስልክ ኮረብታው አልተለቀቀም።
ያው ኮረብታ ነው። ሁለቱም ቃል አቀባዮች
ጉሮሯቸውን የሚጠርጉት ባንድ ዓይነት ነው።
የሞተ ሰው ስም በሁለቱም አልተጠራም፤ ቁጥር ብቻ።
ማን እንደቆጠራቸው፣
ሲወድቁ እግራቸውን ማን እንደያዘ፣
አልተነገረም።

ሻይ አፈላሁ። ለኔ ሦስት ማንኪያ፣ ለሱ ሦስት፣ ለሙሄ አራት።
ሙሄ ነቅቶ «ምን ተገኘ?» አለ።
«ምንም» አልነው፣ ሁለታችንም ባንድ አፍ፣ በጥድፊያ።

ደብተሬን ሞላሁ። ስኳር፦ ወደቅኩ።
ስድብ፦ በልቤ፣ ሁለቴ፣ አንድ አንድ ለቃል አቀባዮቹ።
ዲናሩ አለ። ቃሉ ዐሥር። ከወገብ ቀና፣ ሠላሳ።
ሠላሳ አንደኛዋን አልጻፍኳትም።
ከኅዳጉ ያለችውን ቤት እስክርቢቶ አስጠግቼ ተውኳት።

ጉዑሽ መብራት ሊያጠፋ ሲነሣ
ስልኩን ከስልኬ ጎን አስቀመጠ፣
ባንድ ማከፋፈያ ተሰክተው፣ ፊታቸው ወደ ጣሪያው፣
የማናችን ቀድሞ እንደሚበራ ሳናውቅ
ጨለማው ውስጥ ዓይናችንን ከፍተን ተኛን።