ጥርሱ የተሞረደ

ከኦስትራቫ ዳርቻ፣ ከውራጅ ብረት ተራ፣
የመጋዝ ሬሳ ገዛሁ፣ ሞተሩ የማይሠራ።
ሻጩ ራዲም ሳቀብኝ፦ «ይኼ እንጨት አይቆርጥም!»
«እንጨት ማን ጠራውና? ጭራቅ ነው የምገጥም።»

ልጅ ሆኜ ያባረረኝ፣ ካሴቱ እስኪበጠስ፣
ክንዱ መጋዝ የሆነ፣ የምድር ቤቱ ርኩስ፣
እሱን ነው፤ ባርባ ዓመቴ፣ በቢራ ሣጥን ላይ፣
ብሎን በብሎን ስሰፋው፣ ሲመሽ ሲነጋ ሳላይ።

መያዣው ከሣር ማጨጃ፣ ጅማቱ የፍሬን ሽቦ፣
ደሙ የአጥር ቀለም፣ ከብሩሽ ተንጠባጥቦ።
ጥርሶቹን ግን ሞረድኳቸው፣ አንድ ባንድ፣ እስኪዶለዱሙ፤
ልጆች እንዲጮኹ እንጂ
እንዳይደሙ።

ልብ ብቻ ጎደለው።
ዝደንካ ምድር ቤት ወርዳ፣ አቧራውን በክንዷ ጠርጋ፣
የአባቷን መሰርሰሪያ አመጣች፤
የከሰል ጉድጓዱ ሲዘጋ
የሰፈሩን መደርደሪያ ሁሉ የሰቀለበትን።
«ይኼን ክተትበት» አለች።
ሌላ ቃል አልጨመረችበትም።

በጥቅምት ማታ፣ በእሳት አደጋ አዳራሽ፣ ማብሪያውን ተጫንኩ።
ጭራቁ አገሳ።
ልጆች በሳቅ በጩኸት ወንበር ለወንበር ሲተራመሱ፣
እሷ ብቻ ቆማ ቀረች፣ አንገቷን ሰበር አርጋ ወደ ድምፁ።
«ካርቦኑ አልቋል» አለች። «ያኔም እንዲህ ያንቀው ነበር፣
እሁድ ጠዋት፣ ግድግዳ ሲበሳ፣ እኛን ከእንቅልፍ ሲያባርር።»

አጠፋሁት።
የጭራቁን ክንድ ያዘች፤ እጇን ቶሎ አላነሳችም።
ሞተሩ ቆሞ እንኳ
ገና ትኩስ ነበር።