ቢላ ያልነካው ዓሣ

እናቴ ያረፈች ኅዳር አሥራ ሦስት፣
የሚካኤል ማግስት፤
ሰኞ ገበያ ላይ አህያ ሳይደርስ፣
ጦሳ ጉሙን ጥሎ ፀሐይ ሳይለብስ።

ቀበሌ ሄድኩና ሞቷን ላስመዘግብ፣
ጸሐፊዋ ጠየቀች፣ ከቅጹ ላይ ስታነብ፦
«ሃይማኖት?»
«ክርስቲያን።»
«ብሔር?»
ዝም አልኩ።

አባቷ የወረባቦ ሰው፤ ከብቱን በኦሮምኛ ሲጠራ፣
ዕዳውን በአማርኛ ሲቆጥር፣ ዱዓውን በዐረብኛ ሲያወራ።
የእናቷ ዘር ደግሞ ከየጁ፣ ከዚያም ወዲያ ከላስታ ተራራ።
እሷ ራሷ ዘምዘም ተብላ ያደገች፣
አባቴን ወዳ መጥታ፣ መድኃኔዓለም ደጅ ወለተ ሥላሴ የሆነች።
«ወሎዬ በይ» አልኳት።
«እሱ ዝርዝሩ ላይ የለም» አለች፣ እስክሪብቶዋን እየነከሰች።
መስመሩ አጭር ነው፣ አንድ ስንዝር አይሞላ፤
ባዶውን ተውኩት፤ ወጣሁኝ በኋላ።

አርባዋ ሲቀርብ ቤተ ዘመድ ተሰበሰበ፤
ታላቅ ወንድሜ ጌትነት ወጪውን አሰበ፦
«ከገና በኋላ ይሁን፤ በሬ እንጣል፤ በጾም ምን ይበላል?
የእሷ ተዝካር በሽሮ ቢወጣ፣ ሰፈሩ ምን ይላል?»

እኔ የታየኝ ሌላ ነው፤
ከልጅነት የለመድነው፦
ሁለት ዳስ፣ ሁለት ቢላ፣ ሁለት ድስት፣
የነአጎቴ እንድሪስ ጭልፋ ላይ የቀይ ክር ምልክት።
ማንም በዚህ አይቀየምም፤ አባቶች ያቆዩት መላ፤
እናቴ ግን ዓመት በዓል ሲመጣ፣ ሥጋው ሲበላ፣
ወንድሟን በዳቦ ስትሸኝ፣ ዓይኗ ነበር የሚሞላ።
«ሥጋ ነው የለየን» ትል ነበር፤ «ጾሙማ የጋራ ማዕድ ነው፤
ሽሮ ማን ባረከሽ አትባልም፤ ሽምብራን ማን አረደው?»

«በጾሙ ይውጣ» አልኩ።
አባ ክንፈ፣ የነፍስ አባቷ፣ ጢማቸውን ዳሰሱ፤
«ፍትሐት በኪሎ አይመዘን» አሉና ነገሩን ጨረሱ።
ጌትነት አኮረፈ።

ታኅሣሥ ሃያ ሁለት። የደሴ ውርጭ ጣት ይቆርጣል።
ጓዳ ውስጥ ሳቅ ይሰማል፤ በለቅሶ ቤት ሳቅ ይደንቃል።
እህቴ ይታይሽና ሉባባ፣ የአጎቴ ሚስት፣
በአንድ ገበቴ አቦኩት የሽምብራውን ዱቄት፤
ዓሣ አድርገው ቀረጹት፣ ክንፍና ጭራ አበጁለት፣
በጥፍራቸው ጫፍ ቅርፊት ነደፉለት።
ሉባባ አንዱን አነሳችና፦ «የኔ ዓይን የለውም።»
«ተይው» አለች እህቴ፤ «ምን ፈርቶ ያያል? ማንም አያርደውም።»

ጠላው ጥግ ተቀመጠ፤ ቀሪቦው ለሁሉም ተቀዳ፤
መሪጌታው ከሸሁ አጠገብ፣ እንግዳ ከእንግዳ።
ዳሱ አንድ ነበር።
ቀይ ክር በዓይኔ ፈለግሁ፤ አጣሁ።
አጎቴ እንድሪስ ዓሣውን ከወገቡ ቆርሶ፣
በእንጀራ ጠቅልሎ፣ በቁሌቱ አርሶ፣
«እንካ፣ የዘምዘም ልጅ» ብሎ አጎረሰኝ።
ጣቱ የእናቴን ጣት ይመስላል።
ያን ጊዜ ነው እንባ የቀደመኝ፤
በርበሬው ይሁን እሷ፣ እስካሁን አልለየሁም።

በማግስቱ ቀበሌ፣ ወረቀቷን ሰጡኝ፤
ባዶው ቦታ ላይ ሰረዝ ተሰምሯል።
እጄን ታጥቤ ነበር፤
የጣቴ ዘይት ግን ሰረዙ ላይ ታትሟል።