መቶ ሦስት ከመቶ ሁለት

ኦታሩ ወደብ ላይ በረዶ ሲከመር፣
የሱቃችን መስኮት በእንፋሎት ሲታወር፣
እኔና አቶ ኩሜ ማታ እንቀመጣለን፣
አንድ ካርቶን ሙሉ ካርድ እንዘረግፋለን።
ከሞተ ሰው ቤት ነው፣ ከሚለቀቅ ኪራይ፣
በኪሎ ተመዝኖ የተገዛ ሲሳይ።

«ሥዕሉን አትመልከት» ይሉኛል ዘወትር፣
«ዘንዶው ያዘናጋል፤ አንተ ቁጥሩን ቁጠር።»
ከታች፣ በቀኝ ጥግ፣ ጉንዳን የምታህል፣
በሰረዝ ለሁለት የተገመሰች ቃል፤
ከሰረዙ ወዲህ የራሱ ተራ አለ፣
ከሰረዙ ወዲያ ወገኑ ስንት እንዳለ።
ክብ ያለው ተራ ነው፣ አልማዙ መካከለኛ፣
ኮከቡ ብርቅዬ ነው፣ የመስታወት እስረኛ።
ምልክቱ መልሕቅ ከሆነ ከመልሕቅ፣
ቅጠል ከሆነ ከቅጠል፤ ሁለቱን አትደባልቅ።
እኔ በደብተሬ አምዱን አሰምራለሁ፣
ያለውን በነጥብ፤ የሌለውን ባዶ እተዋለሁ።

ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ቺኖ ትመጣለች፣
ቦት ጫማዋን ደጃፍ ላይ ታራግፋለች፣
አሥራ አንድ ዓመቷ፣ ጉንጯ በብርድ ቀልቶ፣
አልበሟ በብብቷ፣ በፌስታል ገብቶ።
በየገጹ ዘጠኝ ኪስ፤ ሁሉም ኪስ ሞልቷል፣
አርባ ሰባት ብቻ
እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍት ሆኖ ቀርቷል።

«ብርቅዬ ነው እንዴ?» አልኳት። ራሷን ወዘወዘች።
«ክብ ናት። ቀንድ አውጣ። አሥር የን ታወጣለች፤
ከተገኘች።»

ነገሩስ ይኸው ነው።
ኮከቡን ሁሉም ሰው አቅፎ አሳድሮታል፣
በላስቲክ ላይ ላስቲክ፣ በሣጥን ቆልፎታል፤
ቀንድ አውጣን ግን ማነው «ቅርስ» ብሎ የሚያኖራት?
ዕልባት ሆና ከረመች፣ ሕፃን በአፉ አራሳት፣
ጠረጴዛ ሲወላገድ ከእግሩ ሥር ወተፏት።
ርካሽ ናት ተብላ ተናቀች፤ ስለ ተናቀች ጠፋች፤
ዛሬ በዚህ ከተማ ከዘንዶው ይልቅ እሷ ታጣች።
(ደብተሬ ለዚህ ዓይነቱ ምልክት የለውም።)

የዚያን ሐሙስ ማታ፣ ከካርቶኑ ግርጌ፣ አንድ ካርድ ብቅ አለ፤
ብርሃኑ ከጣቴ ወደ ጣሪያው ዘለለ።
ቁጥሩን አነበብኩት። ደግሜ ወደ መብራቱ ላወጣ፦
መቶ ሦስት ከመቶ ሁለት።
ቺኖ ተቆጣች፦ «ስሕተት ነው! ከመቶ ሁለት ውስጥ
መቶ ሦስተኛው ከየት መጣ?»

አቶ ኩሜ መነጽራቸውን በሹራባቸው ጠረጉ።
«ስሕተት አይደለም» አሉ፣ ወንበራቸውን ወደ ምድጃው እያስጠጉ፤
«ቆጠራው ከተዘጋ በኋላ የገባ ነው፣ በጓሮ።
እናቴ ስድስት ወልዳ ‹በቃኝ› አለች ድሮ፤
የሕፃን ልብሱን ሁሉ ለጎረቤት አደለች፣
ስድስት ሳህን፣ ስድስት ትራስ፣ በልኩ ደረደረች።
እኔ መጣሁ።
ሰባት ከስድስት።
ሳህን ስላልነበረኝ
በድስት ክዳን በላሁ።
ወንድሞቼ ሲጠሩኝ ‹ና ወዲህ፣ አንተ ትርፍ!›
ሱቅ ስከፍት ነው የገባኝ፣
ሰው ስንት እንደሚለፋ ለትርፍ።»

ቺኖ አልሳቀችም። የአልበሟን ገጽ እስከ ዳር ገለጠች፤
መቶ ሁለትን አልፋ፣ ጣቷን አሳለፈች።
መጨረሻው ገጽ ላይ ሦስት ካርድ ተቀምጧል፤
ከዚያ ወዲያ ስድስት ኪስ፣ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።
ስንት ጊዜ አገላብጣው፣ ባዶ መስሏት ያለፈችው።
ዋጋውን አልጠየቀችም።
(አርባ ሺህ የን ነው፤ እኔም አልነገርኳት።)

«መጀመሪያ አርባ ሰባት» አለች፣ ፌስታሏን እየቋጠረች።
«በኪሎ ከምንገዛው አንድ ቀን ትወጣለች» አልኳት፣
«መቼ እንደሆነ እንጃ።»
«ቀንድ አውጣ አይደለች?» አለችኝ ከደጃፉ ዞር ብላ፣
«ቀስ ብላ ትደርሳለች።»

እኔም በደብተሬ ከድምሩ በታች ሌላ መስመር አሰመርኩ፣
አርባ ሰባት ፊት ለፊት ባዶውን እንዳለ ተውኩ፣
የቀረውን ካርቶን
ወደ መብራቱ ሳብኩ።