በይደር

የእድራችን ድንኳን፣ ከሐዲዱ ማዶ፣
እሁድ ተተከለ ያለ ምንም መርዶ።
"ማን ሞተ?" አለ ባለባጃጁ፣ ፍሬን ይዞ ቆሞ፤
"ማንም። ስብሰባ ነው።" ሄደ ተገርሞ።

ስልሳ ሁለት አባል ተገኘ ብያለሁ፤
ሰዓትና ቀኑን ቀድሜ ሞልቻለሁ፤
አጀንዳ አንድ፦ "የቦሎቄው መጋዘን
ለጎዳና አዳሪ መጠለያ ሊሆን።"
የአዳማ ነፋስ ሸራውን ይጎስማል፤
አንድ ሰው ሲናገር ሁለቴ ይሰማል።

ሻምበል በዛብህ ተነሡ፤ "የድሃ ነኝ ልጅ፤
ድሃ አልጠላም እኔ። ግን ለምን ከኔ ደጅ?"
("አልጠላም" ነው የሁሉም የንግግር መክፈቻው፤
አስራ አንዴ ቆጠርኩት፤ መዝገብ ላይ አንዴ ነው።)

ወይዘሮ ጥሩአየሁ ሦስት ክፍል ያከራያሉ፤
የሂሳብ ማሽን ይዘው "ስሙኝማ!" አሉ፤
"ተከራይ ቢሸሸኝ ባንኩ መች ይምረኛል?
ያኔ ለኔም ፍራሽ እዚያው ይነጠፋል!"
ድንኳኑ በሳቅ ሞላ። እሳቸው አልሳቁም፤
ጣታቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ አልጻፍኩም።

ሀጂ ኑሪ ባለወፍጮው፣ ቅንድባቸው ዱቄት፣
እጃቸውን ሳያወጡ ጀመሩ በቁጣ ፊት፤
"ስድስት ሰው ያድራል ከወፍጮዬ በረንዳ፤
ቁና ጎድሎ አያውቅም፣ አልተነካ ጓዳ።
ሌባ ከፈለጋችሁ ባለ ቁልፉን ጠይቁ።"
ገንዘብ ያዡን ሳል ያዘው፤ ሰዎች ተሳሳቁ።

ከኋላ ሚፍታ ጮኸ፣ ገና ልጅ እግር ነው፤
"ሽንት ቤቱ ስንት ነው? ውሃውስ ከየት ነው?
ሰው እንደ ቦሎቄ በጆንያ ሊከመር
ነው ወይስ ሊኖር ነው? እስቲ ይነገር!"
ከከተማ የመጡት ወረቀት ገለጡ፤
"ይታያል" አሉና መልሰው ተቀመጡ።

ሲስተር ሌሊሴ ናት ከሁሉ መጨረሻ፤
ከአዳር ተረኛነት የመጣች፣ ያለ ምሳ፤
"ኅዳር ላይ ያ ልጅ ከግንቡ ስር ሲቀር
ማዘጋጃ ቀበረው፤ ለቀስተኛ አልነበር።
ለሞተ ድንኳን አለን፣ ድስትና ብርጭቆ፤
ለቆመ ምን አለን?" አለች። ሰው ተጨንቆ
ጫማውን አየ።

(ከዚህ በታች ግጥሙ ቤት አይመታም።
ስለ ጉርሜሳ ነው።)

አግዳሚዎቹን በጭንቅላቱ ተሸክሞ ያመጣው እሱ ነው፣
አንዱን በአምስት ብር።
የተቀመጥንበትን ሁሉ ደርድሮ ሲያበቃ
ውጭ ወጥቶ ከካስማው አጠገብ ቁጢጥ አለ፣
የምንለውን በሸራው በኩል እየሰማ።
መዝገብ ላይ የለም። አባል አይደለም።

ሊቀመንበሩ "ድምፅ!" ሲሉ ነፋሱ መጣ፤
ሊወጣ የተዘጋጀ እጅ ሁሉ ዓይን ሸፈነ።
ካስማው ተነቀለ።
ጉርሜሳ ገመዱን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ
ወደ ኋላ ተንጋለለ፤
ድንኳኑ ቆመ።
ድምፃችንን የሰጠነው እሱ ገመዱን ይዞ ሳለ ነው።

ሃያ ስድስት ደገፈ። ሃያ ዘጠኝ ተቃወመ።
ሰባት ሰው እጁን አላወጣም፤ አንዱ እኔ ነኝ።
ብዕር ይዤ ነበር።
ሰው ሁለት እጅ እንዳለው ያን ቀን ረሳሁት።

"ከግማሽ በላይ አልሞላም፤ በይደር ይታለፍ። ጻፍ።"
ጻፍኩ።
ሃያ ሁለት ዓመት ስጽፈው የኖርኩትን ቃል
ያን ማታ ገና አነበብኩት።
ይደር።
እሺ፣ አጀንዳው ይደር፤ ማደሪያ አለው፦
ደብተሬ ውስጥ፣ ደብተሬ ካዝና ውስጥ፣
ካዝናው የእድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ።

ሰው ሁሉ ሄዶ፣ የጅቡቲ መኪኖች መብራት አብርተው ሲያልፉ፣
ጉርሜሳ መጣ። ወገቡን እያሻሸ ነበር።
"ጋሼ፣ ድንኳኑ እዚሁ ይደር ወይስ ይግባ?"

ሰማዩን አየሁ።
"ነፋስ አለ፤ ይበላሻል" አልኩት። "ይግባ።"

አጣጥፎ አስገባው።
ከፈልኩት፤ ዝርዝር አልነበረኝም፣ አምስት ብር ቀረበት።
ቁልፉን ሁለቴ አዞርኩ።
ልማድ ነው።