የጠፋ ዕቃ፣ ሦስት ደቂቃ

ማክሰኞ ማታ ነው፣ አፉላ ነፋሻ፤
የኮምፒውተር ክፍል፣ የኮሪደር መጨረሻ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህን በር ከፍቼ፣
የጽሕፈት ቁልፉን በጨርቅ አጽድቼ፣
አንዱን ፊደል እንኳ ተጭኜ አላውቅም፤
ቢጮህስ? ቢሰበር? ደመወዜ አይበቃም።
ዛሬ ጡረተኛ ነኝ፤ ወንበር ስቤ አረፍሁ፤
ከመቀመጤ በፊት ግን ወንበሩን ጠረግሁ።

ሊሮን ትባላለች፣ የምታስተምረን፤
የልጄ ታናሽ ናት። እንዲህ ስትል ነገረችን፦
«ፎቶ ትመርጡና በሰልፍ ታቆማላችሁ፤
ለያንዳንዱ ፎቶ ሰከንድ ትሰጣላችሁ፤
ሙዚቃው ከሥር ነው። ሦስት ደቂቃ ይበቃል።»
በሦስት ደቂቃ ወለል እንኳ መች ይደርቃል!

ግሪሻ መርከቡን፣ የባሕረኛ ኮፍያውን፤
ካርሜላ የልጅ ልጅ፣ አሥራ አንዱን ተርታውን፤
እኔ ግን ቆርቆሮ፣ የብስኩት ቆርቆሮ፣
ከየጠረጴዛው ሥር የቃረምሁት ድሮ።
የአፉላ ልጅ መቼም ያለ ሱፍ አይማር፤
ቅርፊቱን ስጠርግ የሚወጣው ነገር!

ጥንዱ የጠፋበት አረንጓዴ ጓንት፤
ማንኪያ፤
ኮከብ ያላት ጉትቻ፤
በመሃረብ ጫፍ የታሠረች የወተት ጥርስ።
ሳምንት አቆይቼ፣ ወር አቆይቼ፣
ማንም ሳይጠይቀኝ ቆርቆሮ ከትቼ።

ከሁሉ ግን አንዲት ወረቀት፣
ተጣጥፋ ተጣጥፋ ምስር ያከለች።
የመጽሐፉን ፊደል ኡልፓን ተምሬያለሁ፤
የእጅ ጽሕፈታቸውን ከየት አውቀዋለሁ?
ፊደሉ ቅዱስ ነው፤ ቢሆንስ ጸሎት?
ሳምኋት። አልጣልኋት። ከጥርሲቱ ጋራ አኖርኋት።
በየፋሲካው ጽዳት ቆርቆሮው ሲራገፍ፣
እሷን ብቻ ስሜ ነበር የማልፍ።
አሥራ አንድ ዓመት።

በስልኬ አነሳኋቸው፣ ነጭ አንሶላ ላይ፤
ጎትቼ ደረደርሁ።
ልብ የሚያዘንብ ምልክት ሳላውቅ ነክቼ
በጥርሲቱ ላይ ቀይ ልብ ወረደባት፤
«ማዛል ቶቭ!» አለ ግሪሻ፣ «ጥርሷን ዳርሻት!»
ሊሮን አንዲት ቀስት አሳየችኝ፣
ወደ ግራ የታጠፈች፤ ሲነኳት የሠሩት ይሻራል።
የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ሲሉኝ ያደግሁ ሴት
ቀስቷን ደጋግሜ ነካኋት፣ ለደስታ ብቻ፦
ሲፈስ፣ ሲታፈስ፤ ሲፈስ፣ ሲታፈስ።

ለጓንቱ አራት ሰከንድ።
ለማንኪያው ሁለት፤ ማንኪያ ምን ያወራል?
ለጥርሷ አምስት።
ለወረቀቷ ሰባት፣ የሁሉ ታላቅ ናትና።

በመጨረሻው ማክሰኞ መብራት ጠፋ።
«የያልጋነሽ ፊልም» አለች ሊሮን።
ጓንቱ መጣ፣ ሄደ። ጉትቻዋ አብረቀረቀች።
ከዚያ ወረቀቷ፤ ምስር ያከለችው በር አከለች፣
ግድግዳውን ሞላች።
እኔ ልቤ ቆመ፤ አሁን አሜን ይባላል ብዬ።
ሊሮን ከንፈሯን ነከሰች።
ካርሜላ ግን ጮክ ብላ አነበበች፦
«አንድ፣ ለ። ሁለት፣ መ። ሦስት፣ ሀ።
አራት፣ አላውቅም፤ ከሺራ ገልብጥ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።
አሥራ አንድ ዓመት የሳምሁት የኩረጃ መልስ!
እኔም ሳቅሁ፣ ወንበሩ እስኪንቋቋ።

«እናውጣት?» አለች ሊሮን፣ ጣቷ ቀስቷ ላይ።
ተይ አልኋት።
የፈራ ልጅ ጽፏት፣ እጁ እየራደ፤
ጸሎትስ ከዚህ ወዲያ ከየት ተወለደ?
ሰባቱን ሰከንድ ዘጠኝ አደረግሁት።
(ሙዚቃው ቀድሞ አለቀ፤ ይለቅ።)

መብራት ሲበራ ካርሜላ ሱፏን ጨርሳለች፤
ወለሉ ቅርፊት ብቻ። ዓይኔ መጥረጊያ ፈለገ።
ተውሁት፤ የእኔ ሥራ አይደለም ዛሬ።
ግን ስወጣ ጎንበስ ብዬ
ከጠረጴዛው ሥር አየሁ፣
እንዲያው፣ ምናልባት።